ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፦ ሰውና አካባቢን ለማስተማር ምን ያህል ይመቻል?

የሰውንና የአካባቢን ተጽዕኖ ከመጽሐፍ አውጥቶ በዓይን ለማሳየት፣ አዲስ አበባ ዳርቻ ካሉ ቦታዎች ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን እናስቀድማለን። በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ 705 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት ቦታ ነው። ጥንታዊ ደን ለማየት መናገሻ ሱባ ይበልጣል፤ ርቀቱ ግን የተማሪውን ግማሽ ቀን መኪና ላይ ያስጨርሳል። ጉለሌን የሚያስመርጠው ሌላ ነው፤ ባህር ዛፍና ጽድ በአንድ ተዳፋት ላይ ተቀራርበው ይገኛሉ።

ትምህርቱ ከማገዶ ቢጀምር ይሻላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ። እንጨቱ እየራቀ ሲሄድ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መምጣት ደረሰ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው የአውስትራሊያው ባህር ዛፍ ቶሎ አዳጊ፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ከተማዋን ባለችበት አጸናት። እንግዲህ ባህር ዛፍን ከመነሻው ጥፋተኛ አድርጎ የሚያቀርብ መምህር የትምህርቱን ግማሽ ይጥለዋል። የእንጀራ ማገዶው ቅጠል፣ የቤቱ ማገር፣ የሕንፃ ግንባታው መወጣጫ ከየት እንደሚመጣ ተማሪው ያውቃል። የማያውቀው አፈሩ ላይ የሆነውን ነው።

ለዚህ የሚሆን ዕቃ ከቤት ይገኛል፦ ታችና ላዩ የተከፈተ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ 4 ሜትር ሲባጎ፣ ሰዓት ያለው ስልክ። ጣሳውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ማስገባት ነው። ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና በእጅ አይጫኑት፤ ላዩ ላይ ጣውላ አድርጎ በድንጋይ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ግማሽ ሊትሩን ቀስ ብሎ አፍስሶ፣ ውሃው ሰርጎ እስኪያልቅ ሰዓት መያዝ። ሦስት ቦታ ይሞከር፤ ባህር ዛፍ ሥር፣ ጽድ ሥርና ብዙ ሰው የረገጠው መንገድ ላይ።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጣሳው ጠጠር ወይም የዛፍ ሥር ላይ ካረፈ ውሃው በጎን ያመልጣል፤ አፈሩ ቶሎ የጠጣ ይመስላል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ዙሪያውን ጭቃ መለሰን ወይም ቦታ መቀየር ያስፈልጋል። ደረቅ አፈርና እርጥብ አፈር ስለማይወዳደሩም በየቦታው ሦስት ጊዜ አፍስሶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ማወዳደር ነው። የመጀመሪያውን ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት፦ በበጋ ባህር ዛፍ ሥር ያለው የደረቀ አፈር አንዳንዴ ውሃውን አልቀበልም ይላል፤ ጠብታው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ተማሪዎች በጉልበታቸው ተንበርክከው ሊያዩት የሚገባ ነገር ነው።

ባህር ዛፍ ሥርና ጽድ ሥር በሲባጎው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካሬ ሠርቶ በውስጡ የበቀለውን መቁጠር ቀጣዩ ሥራ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው የሚገኘው። ምክንያቱን ለአንድ ነገር ብቻ መስጠት ስህተት ነው፤ ጥላው፣ ውሃ የሚሻማው ሥሩ፣ የቅጠሉ ዘይት፣ ሁሉም አለበት። በእንጦጦ ዙሪያ ደግሞ ቅጠሉ ለማገዶ ስለሚጠረግ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፣ ዝናቡም ይዞት ይወርዳል። ሁለቱን ካሬዎች ተመሳሳይ ተዳፋት ላይ፣ ከመንገድ እኩል አርቃችሁ ጣሉ፤ አትክልተኛ የሚንከባከበው መደብ ውስጥ ከገባችሁ የምትቆጥሩት የአትክልተኛውን ድካም ነው።

ጉቶ ካገኛችሁ ቆም በሉ። ከጉቶው የወጣው ቅጠል ክብ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተቀመጠ ነው፤ የትልቁ ዛፍ ቅጠል ግን ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ። ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ዛፍ አድርገው ይመዘግቡታል፤ አንድ ነው፣ ነጭ ባህር ዛፍ።

ቦታው የሚጎድለው የወንዙ የታችኛው ጫፍ ነው። ከዚህ ተራራ የሚወርደው ውሃ አቃቂ ገብቶ፣ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ፣ በመንገዱ ጎመንና ሰላጣ አጠጥቶ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። ጉለሌን ብቻ ያየ ተማሪ ይህን አያይም። መፍትሔው በሌላ ቀን ታች ካለ ድልድይ ውሃ መቅዳት ነው፤ መምህሩ ብቻውን፣ ጓንት አድርጎ፣ በገመድ ባሰረው ባልዲ። ከላይና ከታች የተቀዳውን በሁለት ጠርሙስ ከድኖ አንድ ቀን ማሳደርና ዝቃጩን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ተማሪ ጠርሙሱን እንዳይከፍት።

ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ ቡቃያውም አልደረቀም። ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ሹራብ ይያዝ። በቡድን ከ6 ተማሪ በላይ ከሆነ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያወራሉ። ሦስት ሰዓት ይበቃል። ለ7ኛና 8ኛ ክፍል በጣም ይስማማል፤ ለታናናሾቹ ካሬውንና ጉቶውን ብቻ መያዝ ይሻላል።

ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ማታ እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ምን እንደሚነድ እናቱን ጠይቆ ይምጣ፦ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ከሰል ወይስ ኤሌክትሪክ። ያ ዝርዝር ከጣሳው ደቂቃዎች ጎን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።