የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና ለባለትዳሮች፦ ለብቻ፣ አብሮ ወይስ የጥንዶች ምክር?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካዳረሰ በኋላ፣ በአንዳንድ ቤት የሚሰማው ጭቅጭቅ ሥሩ ትዳሩ ውስጥ የለም። በር በኃይል ሲዘጋ የሚበረግግ ባልና ሌሊት እየባነነች የምትነሳ ሚስት "ተለወጥክ"፣ "ተለወጥሽ" እየተባባሉ ይኖራሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለዩ፦ ጠቡን የሚያስነሳው ያለፈ ትዝታ ነው ወይስ የዛሬ ጉዳይ፣ ማለትም ወጪ፣ አማት፣ የልጅ አስተዳደግ?

የዛሬ ጉዳይ ከሆነ የጥንዶች ምክር ይበቃል። ስሜት ላይ የሚያተኩረው ዘዴ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ሽማግሌም በይቅርታና በንብረት ጉዳይ ብዙ ይሠራል፤ ቅዠትን ግን አያክምም።

ትዝታ ከሆነ ኢኤምዲአር የሚባለው የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና ይታሰባል። የጀመሩት አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ለድኅረ አደጋ ሰቀቀን (ከአደጋ ወይም ከጦርነት በኋላ ለሚቀር የፍርሃትና የቅዠት ሕመም) መክሮታል። የመከረው ለሰቀቀኑ እንጂ ለባልና ሚስት ጠብ አይደለም፤ "ትዳር ያድሳል" ብሎ የሚሸጥላችሁን ተጠንቀቁ።

ለብቻ ሲሠራ አንድ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ታካሚው የትዝታውን ምስል፣ ስለ ራሱ ያደረበትን ክፉ እምነት ("አቅም የለኝም") እና ሰውነቱ ላይ የሚሰማውን ይይዛል፤ ጭንቀቱንም ከ0 እስከ 10 ይለካል። ከዚያ የባለሙያውን ጣት ግራና ቀኝ በዓይኑ ይከተላል፤ አንዱ ዙር 24 ያህል ምልልስ ነው። ዙሩ ሲያበቃ "አሁን ምን መጣ?" ይባላል፤ ቁጥሩ ወደ 0 እስኪወርድ ይደጋገማል። ዓይኑ የሚደክመው ሰው መዳፉን በየተራ መታ መታ እየተደረገለት መቀጠል ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዝግጅቱ ሲዘለል ነው። ራስን ማረጋጋት ያልተማረ ሰው ትዝታው ተከፍቶበት ቤቱ ይገባል፤ ለጥቂት ቀናት ሕልሙ ሊበዛ፣ ቁጣው ሊፈጥን ይችላል። የትዳር አጋሩ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ጠብ ይሆናል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚመላለስ ሰው ሕክምናው እንዳለቀ ራሱ መኪና ባይነዳ ይሻላል።

አብሮ ሲሆን አጋር በጎን ተቀምጦ ይመለከታል፤ አይናገርም፣ አያባብልም፣ በዙሩ መካከል አይነካም። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ "ጠላችኝ" ያለው ባል ሚስቱ የፈራችው ሌላ ነገር መሆኑን በዓይኑ ያያል። ነገር ግን ትዝታው ስለ ራሱ ስለ አጋሩ ከሆነ (ክህደት፣ ዱላ) ታካሚው ግማሹን ይደብቃል፤ የተናገረውም በሌላ ቀን ለስድብ ሊውል ይችላል። በቤት ውስጥ ዱላ ካለ አብሮ መግባት ፈጽሞ አይገባም። በጦርነቱ የተደፈረች ሴትም ለባሏ ያልነገረችው ሊኖር ስለሚችል፣ ፈቃዷ ለብቻዋ ይጠየቅ። የእኛ ምርጫ ለብቻ መጀመር ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አጋር ለአንድ ወይም ለሁለት ቀጠሮ ይገባል።

ባለሙያውን ስትመርጡ ሥልጠናውን በክትትል ሥር ተለማምዶ እንደጨረሰ ጠይቁ። ይህንም ጠይቁት፦ አንዳችን ለብቻ የነገርንህን ምስጢር እንዴት ትይዛለህ? ሰዓቱ አልቆ ቁጥሩ 7 ላይ ቢቀርስ? "እናቆማለን፣ አረጋጋለሁ፣ በስልክ እከታተላለሁ" የሚል መልስ ጥሩ ነው፤ "እንቀጥላለን" የሚል አይደለም። የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከአዲስ አበባ በቪዲዮ የሚሠራላችሁ ከሆነ ደግሞ ኔትወርክ በዙሩ መሐል ሲቆረጥ ወዲያው የሚደወልበትን ስልክ አስቀድማችሁ ተስማሙ።