9 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላም የሚመለሱበት ሜዳ፦ የአንድ የልጆች እግር ኳስ ማሠልጠኛ ግምገማ

ልጄ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን የሠለጠነችበትን የልጆች እግር ኳስ ማሠልጠኛ ለመገምገም የተነሣሁት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የማይገጣጠሙ ነገሮችን ካየሁ በኋላ ነው። የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድ ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ቡድን ውስጥ ዋንጫ አንሥቶ፣ የሚቀጥለው ዘመን ምዝገባ ሲመጣ «በቃኝ» ብሎ ጫማውን ሰቀለ። የዘጠኝ ዓመቷ እኅቱ ግን በዚህ ማሠልጠኛ ካደረገቻቸው ጨዋታዎች በአብዛኞቹ ተሸንፋ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም 9 ለ 0፣ ዛሬም የልምምድ ዋዜማ ሲሆን ካልሲዋን አጣጥፋ ታኬታዋ ውስጥ ትከትታለች። ስለዚህ የማየው ማሠልጠኛው ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ ሳይሆን ልጆቹን በምን እንደሚያቆያቸው ነው፤ ማሸነፍ ቦታ አለው ወይስ የለውም ለሚለው ጥያቄ ግን የእኔ መልስና የማሠልጠኛው መልስ ይለያያሉ።

ልምምዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ዓይኔን የሳበው ወረፋ አለመኖሩ ነበር። ወንድሟ በነበረበት ቡድን አሥራ ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ፊት ይሰለፉ ነበር፤ ተራው የደረሰው አንዴ ይመታና ወደ ጭራው ተመልሶ፣ ከፊቱ የቆመውን እየጎነተለ ቀጣዩን ተራ ይጠብቃል። እዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኳስ አለ፤ ማሟሟቂያው ራሱ የራስን ኳስ እየነዱ የጓደኛን ኳስ ከክልሉ ማስወጣት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሜዳው በኮን ተከፋፍሎ አራት ለአራት ይጫወታሉ። አንድ ረቡዕ ልጄ ኳስ የነካችበትን ብዛት ልቆጥር ሞክሬ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር መቶ ሲያልፍብኝ ተውኩት። ኳሱም ለዕድሜያቸው የሚመጥነው ቁጥር 4 ነው፤ አዋቂዎች የሚጫወቱበት ቁጥር 5 ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እግር መንዳቱም ሆነ አብዶ መሥራቱ ሥቃይ ይሆንባታል።

ይህን ያህል ስለ ኳስና ስለ ወረፋ ማተቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አማንዳ ቪሴክና ባልደረቦቿ፣ እግር ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን፣ ወላጆችንና አሠልጣኞችን «ጨዋታውን አስደሳች የሚያደርገው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው 81 ምክንያቶችን ሰብስበው ነበር። ልጆቹ ለምክንያቶቹ በሰጡት ክብደት መሠረት በላይኛው ረድፍ የተቀመጡት አቅምን አሟጦ መጣር፣ የቡድኑ መልካም መንፈስና የአሠልጣኙ መልካም አያያዝ ሲሆኑ፣ ማሸነፍ የተገኘው 48ኛ ላይ ነው። አንዳንዶች ይህን ቁጥር ይዘው ልጆች ለማሸነፍ ግድ የላቸውም ይላሉ፤ እኔ ግን የተለየ ነገር አነብበታለሁ። አቅምን አሟጦ መጣር የሚባለው ነገር የሚኖረው የሚጣርለት ግብ ሲኖር ነው፤ በሜዳ ላይ ደግሞ ያ ግብ ባላጋራን ማሸነፍ ነው። ልጁን የሚያስደስተው ጥረቱ እንጂ የጥረቱ ደረሰኝ አይደለም።

የ9 ለ 0ው ጨዋታ ዕለት ከመስመሩ ውጭ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ 5 ለ 0 ሲያበቃ ግብ ጠባቂዋ ጓንቷን አውልቃ ሣሩ ላይ ተዘረረች፤ ሁለት ልጆች ደግሞ በአንዷ ተከላካይ ጥፋት ላይ ይጨቃጨቃሉ። ልጆቹ «ኮች» የሚሏት ወጣቷ አሠልጣኝ ተንበርክካ ሰበሰበቻቸውና ስለ አምስቱ ግቦች አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣ «በሁለተኛው አጋማሽ ምን ብንሞክር ይሻላል?» አለቻቸው። አንዷ «ኳስ ሳናስነጥቅ ሦስት ጊዜ እንቀባበል» አለች። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ሦስተኛው ቅብብል የተሳካ ጊዜ ተቀያሪዎቹ ጭምር ከወንበራቸው ተነሥተው ጮኹ፤ የባላጋራው ቡድን ወላጆች ግብ የገባባቸው መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። በእርግጥ አራት ግብ ተጨምሮባቸዋል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ልጄ ያወራችልኝ ስለዚያ ቅብብል ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው አያያዝ የተፈጥሮ ተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን የሚማሩት ነገር መሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከታተመው የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የነሮናልድ ስሚዝና የነፍራንክ ስሞል ሥራ እንደምንረዳው፣ ማበረታታትንና ስሕተትን ሳያዋርዱ ማረምን የሚመለከት አጭር ሥልጠና በወሰዱ የልጆች ቤዝቦል አሠልጣኞች ሥር ከነበሩት ውስጥ በቀጣዩ ዓመት ሳይመለሱ የቀሩት 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ሥልጠናውን ባልወሰዱት ሥር ከነበሩት ግን 26 በመቶዎቹ ቀርተዋል። ከሁሉ የሚገርመው በሁለቱ ወገኖች መካከል በማሸነፍና በመሸነፍ ረገድ ልዩነት አለመታየቱ ነው። ስፖርቱ ሌላ ቢሆንም፣ የወንድ ልጄን ዋንጫና የተሰቀለ ጫማ ለማስታረቅ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። የእርሱ አሠልጣኝ ሲያሸንፉም ይሳደብ ነበር።

ማሠልጠኛው በመግቢያ ወረቀቱ ላይ «እኛ ውጤት አንቆጥርም» ይላል፤ በዚህ አልስማማም። ልጆቹ ይቆጥራሉ። የመጨረሻው ፉጨት ከተነፋ በኋላ የትኛዋንም ብትጠይቁ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ሦስተኛውን ግብ ማን በየትኛው እግሯ እንዳስቆጠረች ጭምር ትነግራችኋለች። አዋቂው ውጤቱን እንዳላየ ሲሆን ልጁ የሚረዳው ሽንፈት ስሙ የማይጠራ ነውር መሆኑን ነው። ውጤትን ከመደበቅ ይልቅ ጨዋታውን ማመጣጠን ይሻላል፤ ለዚህም የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ በትንንሾቹ ልጆች ዘንድ ግዴታ ያደረገውን አሠራር ማየት ይበቃል። በዚያ አሠራር የደረጃ ሰንጠረዥ የለም፤ ልጆቹ በጎን ለጎን ትንንሽ ሜዳዎች ላይ፣ ለምሳሌ ሦስት ለሦስት ሆነው በአራት ትንንሽ ግቦች ይጫወታሉ፤ ያሸነፈው ቡድን አንድ ሜዳ ወደ ላይ፣ የተሸነፈው አንድ ሜዳ ወደ ታች ይሸጋገራል። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ሁሉም እኩያውን ያገኛል ማለት ነው። ማሸነፍ እዚያ ትርጉም አለው፣ ሽልማቱም የሚበረታ ባላጋራ ነው። ይህ ማሠልጠኛ ይህን ቢወስድ 9 ለ 0 የሚባል ነገር ከነጭራሹ ባልኖረ ነበር፤ እንዲያ ያለው ውጤት ለአሸናፊዎቹም ቢሆን አሰልቺ እንደነበር ከፊታቸው አይቻለሁና።

ዋናው ቅሬታዬ ግን የዘመኑ መዝጊያ ውድድርን ይመለከታል። ዓመቱን ሙሉ ውጤት አንቆጥርም ሲል የቆየው ማሠልጠኛ በዚያ ቅዳሜ ባሕርዩ ተለወጠ። ቡድኖቹ እንደገና ተደልድለው፣ «ጠንካራ» የተባሉት ልጆች አምስቱንም ጨዋታ ሲጫወቱ ልጄ በቀኑ በጠቅላላው የተሰለፈችው ስድስት ደቂቃ ነበር፤ በሰዓቴ ስለያዝኩት እርግጠኛ ነኝ። የቀረውን ጊዜ የውኃ ጠርሙሷን ክዳን እየከፈተችና እየዘጋች ተቀያሪ ወንበር ላይ አሳለፈችው። ሥራ አስኪያጁን በትሕትና ስጠይቃቸው «ውድድር እኮ ውድድር ነው» አሉኝ። ቡድኑ ዋንጫውን ወሰደ፣ ለልጄም ሜዳልያ ደረሳት፤ ሜዳልያው መኪናው ውስጥ ቀርቶ የተገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ጠንካራ ስለተባሉት ልጆች አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከወላጆቻቸው ጋር ስንጨዋወት እንደተረዳሁት፣ አብዛኞቹ የተወለዱት በምዝገባው የዕድሜ ክልል የመጀመሪያ ወራት ነው፤ ልጄ ደግሞ በመጨረሻው ወር። ይህ በእግር ኳስ ዘንድ በደንብ የተጠና ጉዳይ ነው፦ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣቶች የዕድሜ ክልል መቆጠር የሚጀምርበትን ቀን ከነሐሴ ወደ ጃንዋሪ 1 ሲያዛውር፣ ቤልጂየም ውስጥ በወጣት ቡድኖች በብዛት የሚመረጡት ልጆች የልደት ወር አብሮ ተዛውሮ ተገኝቷል። ተሰጥኦ በቀን መቁጠሪያ አይዛወርም፤ የተዛወረው አሠልጣኞች እንደ ተሰጥኦ ያዩት የጥቂት ወራት ብልጫ ነው። በዘጠኝ ዓመት ላይ ለማሸነፍ ተብሎ የሚደረግ ምርጫ ልጆችን ገና ሳያድጉ የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ላንሣ። የጊዜ ሰሌዳ ለውጥ የሚነገረን ብዙ ጊዜ በዕለቱ ነው፤ መስተካከል አለበት። ወላጆች ከገመድ ጀርባ እንዲቆሙና ማጨብጨብ እንጂ መመሪያ መስጠት እንደማይችሉ የተደነገገው ግን እጅግ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔንም ሁለት ጊዜ ገሥጸውኛል። ከልምምድና ከጨዋታ መልስ «አሸነፋችሁ?» እያልኩ የመጠየቅ ልማዴንም የተውኩት አሠልጣኟ ለብቻዬ ጠርታ «ምን ሞከርሽ?» ብዬ ልጄን እንድጠይቃት ከመከረችኝ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያገኘሁት መልስ «ምንም» የሚል ነበር፤ ቆይቶ ግን እስከ እራት ድረስ የማያልቅ ወሬ ሆኗል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ፣ ገና ከኳስ ጋር ለሚተዋወቅ ልጅ ማሠልጠኛውን ያለ ማመንታት እመርጠዋለሁ፤ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለዚያ ቅዳሜ ነው። ልጄን ለሚቀጥለው ዘመን አስመዝግቤያታለሁ። በቅጹ «ተጨማሪ አስተያየት» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ፣ በውድድር ቀን እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ እንዲሰለፍ የሚያደርግ ደንብ እንዲወጣ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ሥራ አስኪያጁም እንደሚያዩት ነግረውኛል።