«በሦስት ቀን ድርጅት» የሚለውን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

ንግድ ለመጀመር የምታስቡ ሁሉ ይህን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። በሦስት ቀን ውስጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይቋቋምላችኋል፣ ማኅተም ይቀረጽላችኋል፣ የአንድ ዓመት የሕግ ምክር በነጻ ይታከልላችኋል፤ ሁሉም በአንድ ክፍያ። እኔና ሸሪኬ ገዝተነዋል። የሸጡልንን ሰዎች ስም አልጠራም፤ ነገ በሌላ ስም ይመጣሉ። ማወቅ ያለባችሁ አሠራራቸውን ነው።

ያስተናገደን ሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፤ የንግድ ስማችሁ ማን ይባል? ስንት ናችሁ? ምን እንደምንሠራ፣ ከማን እንደምንበደር፣ ሥራው ቢበላሽ ማን ሊከሰን እንደሚችል፣ ከሁለት አንዳችን ብንሞት ወይም ብንለያይ ምን እንደሚሆን አልጠየቀም። ሁለት ነን ስንለው ድርሻውን ሃምሳ ሃምሳ ብሎ ጻፈው። ፍትሐዊ መሰለንና ደስ ብሎን ፈረምን። በኋላ ያገኘናት ጠበቃ ሰነዱን አንብባ «ባትስማሙ ማን ይወስናል?» ስትለን እርስ በርስ ተያየን።

ሰነዱ ሃያ ሁለት ገጽ ነው። መወፈሩን እንደ ጥራት ቆጠርነው። ከዓመት በኋላ ሸሪኬ ሌላ ሥራ አገኘና መውጣት ፈለገ። አልተጣላንም፤ ዛሬም እንጠያየቃለን። ነገር ግን መተዳደሪያ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ብናገላብጠው ስለ መውጣት የሚናገር አንድ መስመር አጣን። ድርሻው በምን ስሌት ይገመታል? ለውጭ ሰው ከመሸጡ በፊት ለእኔ የማቅረብ ግዴታ አለበት? ዋጋው በአንድ ጊዜ ይከፈላል ወይስ በየጊዜው? ዝም። በምትኩ ያገኘነው አለመግባባት ሲነሳ በአሜሪካ የዴላዌር ግዛት ፍርድ ቤት እንደምንዳኝ የሚደነግግ አንቀጽ ነበር። ዴላዌርን በካርታ ፈልገን ነው ያገኘናት። የኩባንያ ክርክር ከሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ሳይኖሩ፣ በዳኞች ብቻ የሚያይ የታወቀ ፍርድ ቤት ስላላት ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች እዚያ ይመዘገባሉ፤ በኢንተርኔት የሚዞሩ የውል ቅጾችም ስሟን ይዘው ይዞራሉ። የእኛ ሰው ቅጹን ሲገለብጥ ያንን መስመር እንኳ አላነበበውም ማለት ነው።

ይህ ቢያስቅም በጣም የጎዳን ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቅሉን ሲሸጥልን ደጋግሞ ያለው «ድርጅቱ ቢከስር የግል ንብረታችሁ አይነካም» ነበር። መርሁ እውነት ነው፤ የቆየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት አሮን ሰለሞን በሚባል ጫማ አምራች ጉዳይ ላይ ማኅበሩ ከመሥራቹ የተለየ ሰው ነው ብሎ ወስኗል። ድርሻው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በሰለሞን እጅ ነበር፤ ሆኖም ለማኅበሩ ዕዳ በግሉ አልተጠየቀም። ጥቅሉን የሸጠልን ሰው ያልነገረን ማኅበሩን ከግል ንብረታችን የሚለየው ይህ ግንብ በር እንዳለው ነው። አዲስ ማኅበር ብድር ሲጠይቅ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቶቹን የግል ዋስ እንዲሆኑ ያስፈርማል። ስትፈርሙ ለዚያ ዕዳ ግንቡን በገዛ እጃችሁ አፈረሳችሁት። እኛ ማኅበሩ በተመዘገበ በወሩ ፈርመናል፤ ቅጹ ከብድሩ ወረቀቶች መካከል ስለነበር ልብ አላልነውም። የግልና የማኅበር ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ሲቀላቀልም ፍርድ ቤት በብዙ አገሮች ግንቡን ሊያልፈው ይችላል። በራሳችሁ ቸልተኝነት ሰው ብትጎዱ ደግሞ የማኅበሩ ስም አይከልላችሁም።

እንግዲህ የትኛው የድርጅት ዓይነት ይሻላል የሚለው ጥያቄ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ አይመለስም። ዕዳ የሌለበት፣ አንድ ሰው በእውቀቱ ብቻ የሚሠራው ሥራ በግለሰብ ነጋዴነት ቢጀመር ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ማኅበሩ በትርፉ ላይ ግብር ከከፈለ በኋላ ባለድርሻው በሚደርሰው የትርፍ ድርሻ ላይ እንደገና የሚከፍልባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ ይህንንም ማንም አላሰላልንም። በሌላ በኩል ያለ ወረቀት አብሮ መሥራትን እንደ ቀላል አትዩት። በብዙ ሕጎች አብራችሁ እየነገዳችሁ ትርፍ ከተካፈላችሁ ሳትመዘገቡም ሽርክና ልትባሉ ትችላላችሁ፤ በሽርክና ደግሞ ኃላፊነቱ በአንድነትና በነጠላ ነው። ሸሪካችሁ በሥራው ስም የገባው ዕዳ ሙሉውን ከእናንተ ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

«ነጻ የሕግ ምክር» ስለተባለው ብዙ የምለው የለኝም። አራት ጊዜ ደውያለሁ፤ አራት ጊዜ «ይህ በጥቅሉ ውስጥ አይካተትም» ተብያለሁ። ስልኩን የሚያነሱት ጠበቆች አይደሉም። የጥብቅና ፈቃድ ለሌለው ሰው የነገራችሁት ምስጢር ደግሞ ጠበቃና ደንበኛ የሚያገኙትን የሕግ ጥበቃ እንዳለው አድርጋችሁ አትቁጠሩ።

ሳልረሳው፣ በምዝገባው ላይ የተሞላው አድራሻና ኢሜይል የእኛ ሳይሆን የእነርሱ ነበር። የዓመታዊ እድሳቱ ማሳሰቢያ ለእነርሱ ደረሰ፣ ቅጣቱ ለእኛ። ወደ ምዝገባ ገጻችን ለመግባት የይለፍ ቃሉን ስንጠይቅ የማስረከቢያ ክፍያ አለው አሉን። በሰጠናቸው የውክልና ሰነድ ላይም ማኅበሩን ከማስመዝገብ አልፈው በማኅበሩ ስም ውል እንዲዋዋሉ ፈቅደንላቸው ኖሯል። ጠበቃዋ ከሁሉ በፊት ያሻረችው እርሱን ነው።

ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን ከሚሰጠው አካል አጣሩ፤ የክፍያውን ልክና በክፍያው ውስጥ የሚካተተውን ሥራ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ «ደንበኛህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እናንተ ናችሁ፣ ሸሪካችሁ ነው ወይስ ማኅበሩ? እኛ ይህንን አናውቅም ነበር። ጠበቃዋ የማኅበሩ ጠበቃ መሆኗን ነግራን በድርሻው ሽያጭ ላይ ሸሪኬ የራሱን ሰው እንዲያማክር ላከችው። ያን ዕለት ወጪ የምታበዛብን መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ስምምነቱ በሁለት ሳምንት ያለቀው ግን ሁለቱም ወገን የሚፈርመውን አውቆ ስለፈረመ ይመስለኛል። ለእርሷ የከፈልነው ከጥቅሉ ዋጋ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ አብዛኛው ግን የተበላሸውን ለማቃናት የዋለ ነው።

የምዝገባችን ዋና ቅጂ እስከ ዛሬ በሰዎቹ እጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያቸውን አየሁት፤ ሦስት ቀን የነበረው ሁለት ቀን ሆኗል።