ለአፈር ግድብ የተከራየሁት ኤክስካቫተር፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት

ስሙን አልጠራም፤ አዳማ ውስጥ ኤክስካቫተር ከነኦፕሬተሩ የሚያከራይ ድርጅት ነው። ማሳዬ ከከተማው ወጣ ብሎ በአሰላ መንገድ በኩል ነው። አዋሽ ለወንጂ ሰው እንጂ ለእኛ አይደርስም። ክረምቱ ያወረደው ሁሉ በቦረቦራችን ጠራርጎ ይሄዳል። ጥልቅ ጉድጓድ ላስቆፍር ብል ደግሞ ወጪው አለ፣ የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድም (ጥርስ የሚያበልዘው ማዕድን) አለ። ቦረቦሩን ገድቤ ለበጋ ሽንኩርት ውሃ ልያዝ አልኩ።

ቁፋሮውን ላመስግን። ግንቦት ላይ ማሽኑን በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭነው ዝቅ ያለ ተጎታች) አመጡት፤ በሁለት ቀን 40 በ30 ሜትር፣ በአማካይ 2 ሜትር ጥልቀት አወጡልኝ። ኦፕሬተሩ ልጅ እጀ ወርቅ ነው። ሂሳቡ በሰዓት ስለሆነ ግን ስልክ ሲያወራ ሞተር አያጠፋም፤ ከአጠገቡ አትራቁ።

ጉዱ ግድቡ ላይ ነው። የአፈር ግድብ የወጣውን አፈር ከምሮ መሄድ አይደለም። መጀመሪያ ከሥሩ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቦይ ተቆፍሮ በሸክላ አፈር ይሞላል። ከዚያ በላይ ያለው 15፣ 20 ሳንቲሜትር እየተነጠፈ፣ በእጅ ሲጨብጡት እስኪረጋ ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። እነሱ ደረቁን ቆለሉት፣ በማሽኑ ሰንሰለት ሁለቴ ተመላለሱበትና "አለቀ ጋሼ!" አሉኝ። የትርፍ ውሃ ማፍሰሻውስ ብላቸው "ለዚች ደግሞ ምን ማፍሰሻ?" አሉ። ውሃ በአናቱ ከዘለለ እኮ አንድ ሌሊት አያድርም! ዳር ላይ በአካፋ እኔው ቆፈርኩት።

ነሐሴ ላይ ጢም ብሎ ሞላ፤ ፎቶ ሁሉ አንስቼ ነበር። ጥቅምት ላይ ጭቃ ብቻ ቀረ። ጎረቤቴ አባባ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ አነሱና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ወንፊት ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለብሎኬት የሚጫነው ፑሚስ፣ ያ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ነው ከሥር ያለው። ከሥር የሚነጠፍ ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) ዋጋ ጠይቄ ዝም ብዬ ተመለስኩ። በተከታዩ በጋ በአህያ ጋሪ ጥቁር አፈር አስመጥቼ አለበስኩት፣ አርጥቤ የሰፈሩን ከብት አስገባሁበት። ሦስት ቀን ረገጡት። ሮለሩ (መጠቅጠቂያ ማሽኑ) እነሱ ሆኑ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ግማሹ አለ። ፀሐይዋ በቀን 6 ሚሊሜትር ያህል ትጠጣለች፤ በእኔ ኩሬ ስፋት ባለ 200 ሊትሩ 36 በርሜል ማለት ነው። እሱን ቻልኩት። በግድቡ ሥር ያሳለፉት ቱቦ ግን ዙሪያው ስላልተጠቀጠቀ አሁንም ያንጠባጥባል። ደውዬ ነበር፤ "መጥተን እናየዋለን፣ የሎቤዱን ወጪ አንተ ትችላለህ" አሉኝ።