ኪክዮ ሺንገን ሞቺ፦ መንገድ የሚችል የያማናሺ ጣፋጭ

ከጃፓን ጣፋጭ ይዞ ለመመለስ ያሰበ ሰው ከጣዕሙ በፊት «ስንት ቀን ይቆያል?» ብሎ ይጠይቅ። የኢሴ ከተማው አካፉኩ እ.ኤ.አ. ከ1707 ጀምሮ ስሙ የገነነ ሞቺ (ከሩዝ ሊጥ የሚሠራ ለስላሳ ጣፋጭ) ነው፤ ዕድሜው ግን የተሠራበት ቀን ተቆጥሮ በሙቀት ወራት 2፣ በብርድ ወራት 3 ቀን ብቻ ነው። እዚያው ሄዶ መብላት ነው የሚያዋጣው። ከያማናሺ ክፍለ ሀገር የሚመጣው ኪክዮ ሺንገን ሞቺ ግን ከሳምንት በላይ ስለሚቆይ ረጅም በረራ አይበግረውም።

ምስጢሩ ስኳሩ ነው። ተራ ሞቺ ቶሎ ይደርቃል። እዚህ ግን ከሩዙ ሊጥ ጋር ብዙ ስኳር ስለሚዋሃድ ውሃው አይለቅም፣ ልስላሴውም ይቆያል። ኪክዮያ የተባለው ድርጅት ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። መነሻው የአካባቢው ሰው ሙታን በሚታሰቡበት በኦቦን በዓል የሚበላው፣ ኪናኮ (የአኩሪ አተር ዱቄት) የተነሰነሰበት ሞቺ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው አገሩን ይገዛ ከነበረው ከጦር አበጋዙ ታኬዳ ሺንገን ነው።

በያማናሺ ዋና ከተማ በኮፉ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ በትንንሽ ኩባያ ተደርጎ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። የሚገዛው በጉዞው መጨረሻ ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የገዛ ሰው ዕድሜውን ሻንጣ ውስጥ ይጨርሰዋል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን ከዓመት ስለሚጀምር ወሩንና ቀኑን አያምታቱ። ፉኤፉኪ ከተማ ያለው የፋብሪካው መሸጫ በቅናሽ የሚሰጠው ቀኑ የተቃረበውን ስለሆነ፣ ለራስ እንጂ ለስጦታ አይሆንም። ኪንሴይኬን የተባለ ሌላ ድርጅት የሚያዘጋጀው ውሃ የመሰለው ሚዙ ሺንገን ሞቺ ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተበላ ቅርጹን ያጣል።

አያያዙ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኩሮሚትሱ የሚባለው የጥቁር ስኳር ሽሮፕ በየኩባያው በትንሽ ጠርሙስ አለ፤ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ካርቶኑን በሚጫነው ሻንጣ ማስገባት ይሻላል። በፌስታል ጠቅልለው፣ አግድም አስተኝተው፣ ልብስ መሃል ያስቀምጡት፤ ከላይ ጫማ ከተጫነው ክዳኑ ሊለቅ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ አይግባ፣ ቅዝቃዜ ሞቺውን ያጠነክረዋል። ኪናኮ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር ስለሆነ፣ አኩሪ አተር የማይስማማው ሰው እንዳይቀምሰው አስቀድመው ይንገሩ።

ስጦታውን ሲሰጡ አከፋፈቱንም ያሳዩ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ኩባያ በአበባማ ላስቲክ ተቋጥሮ ይመጣል። ውስጡ 3 ቁራሽ ሞቺ አለ፣ ኪናኮው እስከ አፉ ሞልቷል። ክዳኑን በችኮላ ያነሳ ሰው ጠረጴዛውን ዱቄት ያለብሰዋል፤ ሽሮፑን ከላይ ያፈሰሰም ዱቄቱ ላይ ሲንሸራተት ያየዋል። አንዱ መላ አንድ ቁራሽ አውጥቶ በጎደለው ቦታ ሽሮፑን ማፍሰስ ነው። የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ነው፦ ላስቲኩን ዘርግቶ ሁሉንም እላዩ ላይ መገልበጥ፣ ሽሮፑን ጨምሮ አራቱን ጫፍ መሰብሰብ፣ ከዚያ ከውጭ በጣት ቀስ አድርጎ ማሸት። ዱቄቱ ሽሮፑን ጠጥቶ ሞቺው ላይ ይለጠፋል፣ የሚተንም የሚያስልም ነገር አይኖርም። በመጀመሪያው መላ ከበሉት ግን እስኪጎርሱት ትንፋሽ አይሳቡ።