ደሴ ፒያሳ ያለው ብር ሰሪ ቤት፦ ጠገራ ብር ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡት

ደሴ ውስጥ የድሮ ብር ወይ ሳንቲም ይዤ ማን ጋ ልሂድ ለምትሉ፣ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለውን ብር ሰሪ ቤት ነው ምመክራችሁ። በሩ ላይ ስም የለውም፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ነው፣ ደጁ ላይ አልቦና ድሪ የተደረደረበት የመስታወት ሳጥን አለ፣ ውስጥ ሽማግሌው ከነመዶሻቸው ቁጭ ብለዋል። ባንድ ወር ውስጥ አራቴ ሄጃለሁ ስለዚ ጥሩውንም ጎደሎውንም በደንብ አይቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ጉትቻ ነው። ኮምቦልቻ አያቴ ግቢ ልብስ ስታሰጣ አንዱ የወርቅ ጉትቻዋ ወደቀባት፣ ሳምንት ሙሉ አፈሩን በወንፊት ስናበጥር ሰነበትን የለም። የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ሲመለስ ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ የሚጮህ መሳሪያ) ይዞ መጥቶ ነበር፣ ጋሬት የሚባለው፣ እሱን አምጥቶ ግቢውን ጥግ በጥግ ማሰስ ጀመርን። ጉትቻው በሁለተኛው ቀን ተገኘ አልሃምዱሊላህ። ከዛ በፊት ግን ከአጥሩ ስር አንድ ስንዝር ያህል ወረድ ብሎ ስድስት ሳንቲም ወጣ፣ ሁለት ጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግስት የማሪያ ትሬዛ ምስል ያለበት የድሮው ብር)፣ አንዲት ትንሽዬ የምኒልክ ግርሽ፣ ሦስት ደግሞ የጃንሆይ መዳብ አስር ሳንቲም። ማን እንደቀበረው አያቴም አታውቅም፣ አይታው ዝም አለችና በኋላ እንባዋ መጣ።

ስለ ዲቴክተሩ ለምትጠይቁ ባጭሩ፣ ለጠፋ ጌጥ ጥሩ ነው። ብር ሲያገኝ ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፣ ሚስማር ሲሆን ወፍራምና ቁርጥርጥ የሚል። የኛ መሬት ግን ያስቸግረዋል፣ የወሎ ድንጋይ ባዛልት ነው ብረት የበዛበት፣ ስለዚ አፈሩን ለይቶ የሚያስተካክል ቁልፍ የሌለው ሞዴል ባዶ መሬት ላይ ይጮኻል። ቆርኪና ፎይል ደግሞ እንደ ጌጥ ያስመስልበታል፣ ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ ስናወጣ ነው የዋልነው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ይሄን መሳሪያ ይዛችሁ ሜዳና ጋራ አትዙሩ። አንደኛ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ እኛ አካባቢ ያልፈነዳ ነገር መሬት ውስጥ አለ፣ መሳሪያው ሳንቲሙንም ፈንጂውንም ሲጮህ ለጆሮ ልዩነቱን አትለዩትም። ሁለተኛ ቅርስ ያለፈቃድ መፈለግ ክልክል ነው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። እኛም ግቢያችን ውስጥ ስለወጣ ባህልና ቱሪዝም ሄጄ አሳወቅኩ። ይሄንን ያስደረጉኝ ራሳቸው ብር ሰሪው ናቸው፣ የመጀመሪያ ቀን "ከመሬት የወጣ ከሆነ ልጄ መጀመሪያ አሳውቅ፣ ሳታሳውቅ ብታመጣው እኔም አልገዛህም" አሉኝ። እኔ ልሸጥ አልሄድኩም ግን ይሄን ሲሉኝ በጣም ነው ያከበርኳቸው።

እሳቸው ጋ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ስህተት ሰርቻለሁ፣ አሁንም ያንገበግበኛል። አንዱን ጠገራ ብቻ ይዤ ሌላ ቤት ገባሁ፣ የት እንደሆነ አልጽፍም። ልጁ አየት አደረገና "ይሄማ ጠቁሯል ላፅዳልህ" ብሎ እሺ እንኳን ሳልለው ወደ ጓዳ ይዞት ገባ። አምስት ደቂቃም አልሞላው፣ አሲድ ነክሮ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ አመጣው። አብረቀረቀ። እኔም ምን አውቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ 150 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ መስኮት ጋ ሳየው የንግስቲቱ ጉንጭ ላይ ብሩሹ የሄደበት መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ፀጉሯ ላይ የነበረው ስስ ስስ ጭረት ተልጧል፣ ስንት ዘመን አፈር ውስጥ ሳይጠፋ የቆየ ነገር ባምስት ደቂቃ ሄደ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለተኛውን ይዤ እኚህ ሽማግሌ ጋ ስሄድ ከጨርቁ ስፈታው መጀመሪያ ያሉኝ "አላሸኸውም አይደል?" ነው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ብሩን በሁለት ጣት በጠርዙ ያዙት፣ ፊቱንም ጀርባውንም ሳይነኩ፣ ወደ በሩ ብርሃን ዞር አድርገው ዝም ብለው አዩት። የእጅ ላብ ራሱ ብር ላይ አሻራ ሆኖ እንደሚቀር ያኔ ነው የሰማሁት። ከዛ የደረቷን ጌጥ በአጉሊ መነፅር እያሳዩ ዕንቁዎቹን አስቆጠሩኝ፣ ዘጠኝ ናቸው። ከስሯ ኤስ ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ። ጠርዙን ሲያዞሩት ደግሞ ፍትህና ምህረት ማለት የሆነ የላቲን ጽሑፍ ከፍ ከፍ ብሎ ተጽፏል፣ ፎርጂዱ ላይ ብዙ ጊዜ ይሄ ጠርዝ ነው የሚበላሸው አሉኝ።

ቀጥሎ ሚዛን። ዲጂታል ነው፣ 27.9 ግራም አለ። ሲመታ 28.07 አካባቢ ነበር፣ ትንሽ መበላቱ ያለ ነው። "ወቄት የምንለው እኮ የአንድ ጠገራ ክብደት ነው" አሉኝ፣ እኔ ወቄት ሲባል እየሰማሁ አድጌ ከየት እንደመጣ አስቤውም አላውቅም። ማግኔት አስጠጉበት፣ ምንም። ከዛ ያደረጉትን ግን እዩልኝ፣ ኩባያ ውስጥ ውሃ ሞልተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡና ዜሮ አደረጉት፣ ብሩን በቀጭን ክር አስረው ውሃው ውስጥ አንጠለጠሉት፣ ታችም ጎንም ሳይነካ። ሚዛኑ 2.74 አለ። 27.9ን ለ2.74 ስታካፍሉ 10.2 ገደማ ይመጣል፣ ብሩ በመጠን እኩሉ ከሆነ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ማለት ነው። ንፁህ ብር 10.5 ነው፣ ጠገራው ደግሞ 83 ከመቶ ገደማው ብር ቀሪው መዳብ ስለሆነ 10.2 መምጣቱ ልክ ነው። ነሐስ በብር ተቀብቶ ቢሆን ከ9 በታች ይወርድ ነበር፣ እርሳስ ቢሆን ወደ 11 ይወጣ ነበር። ሳይፋቅ፣ ሳይቆረጥ፣ አሲድ ጠብ ሳይልበት። ለዚህ ሁሉ 100 ብር ነው የተቀበሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ ብዙ ሰው ስለሚታለልበት። ብሩ ላይ 1780 ስላለ የዛን ዘመን ነው ማለት አይደለም። ማሪያ ትሬዛ በዛው በፈረንጅ 1780 ነው የሞተችው፣ ከዛ በኋላ ነጋዴው ሌላ ዓመት ያለበትን አልቀበል ስላለ ያንኑ ዓመት እየያዘ ቪየናም ለንደንም ቦምቤይም ሲመታ ኖሯል። ሙሶሊኒ ራሱ በፈረንጅ 1935 የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና ወስዶ ሮም አስመትቷል፣ እኛን ሲወር ገበያውና ሰዉ የሚቀበለው እሱን ብር ስለነበር። ስለዚ "ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያለው ነው" ብሎ ዋጋ ለሚቆልልባችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ፣ አብዛኛው ጠገራ ዋጋው ውስጡ ያለው 23 ግራም ከምናምን ብር ነው። እኚህ ሰውዬ ይሄንኑ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፣ የገዢም የሻጭም ጥቅም ሳያዩ።

ስለ ማፅዳቱ "ጋሼ ይሄኛውንስ ትንሽ እንኳን አያስለቅቁልኝም?" ብላቸው "አብሽር ልጄ፣ ይሄ ጥቁረት ቆዳው ነው፣ ከቆዳው ታች ያለውን የሚጠብቀው እሱ ነው" አሉ። የተፈተገውንም አሳየኋቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጨርቁ ላይ አስቀመጡት፣ አንዱ እንደ ማንኪያ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ ሆኖ ጥጋጥጉ ጠቆር ያለ፣ እና ግራጫው ላይ የፀጉሯ ዘለላ በሙሉ ይነበባል። ነጩ በዓመታት ራሱ መልሶ ይጠቁራል፣ ጭረቱ ግን አይመለስም አሉኝ። በቤኪንግ ሶዳና በፎይል የሚያፀዱም አሉ፣ አይቧጭርም እውነት ነው፣ ግን ቆዳውን ጨርሶ ነው የሚያወርደው፣ ሰብሳቢ ደግሞ እንዲህ የነጣ ብር አይወድም።

ግርሿ 1.4 ግራም ናት፣ ሃያዋ አንድ ብር ነበረች፣ ፓሪስ ነው የተመታችው፣ ዓመቷ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፺፭ ይላል። ጫፏ ላይ ቀዳዳ አላት። ቀዳዳ ዋጋ ይቀንሳል አሉኝ፣ ይቀንስ፣ የሆነች ሴት ወይ ልጅ አንገት ላይ የነበረች ናት፣ እኔ በምንም አልለውጣትም።

ከባዱ መዳቡ ነው። ሦስቱም አስር ሳንቲም አረንጓዴ ሆነዋል፣ እናቴ ድስት እንደምታሸው በሎሚና በአመድ ላሽልህ ብላ ይዛው ልትሄድ ስትል ነው የነጠቅኳት። ሎሚ አሲድ ነው፣ አረንጓዴውን ሲያወርድ መዳቡንም ይበላል፣ ሮዝ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሽማግሌው እንዳሉኝ አረንጓዴ ሁለት ዓይነት ነው፣ ጠቆር ብሎ ለስላሳ የሆነው አይጎዳም ተውት፣ ፈዘዝ ያለ ዱቄት የሚመስል ሆኖ ብትጠርጉት ተመልሶ የሚመጣው ግን በሽታ ነው፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሳንቲሙን እየበላ ይሄዳል። እኔ ያደረግኩት ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፣ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው (ስትገዙ ውሃው መሆኑን ሁለቴ ጠይቁ፣ የባትሪ አሲድም እዛው ሱቅ ይሸጣል)፣ በየቀኑ ውሃውን እየቀየርኩ አስር ቀን፣ የለቀቀውን ጭቃ ብቻ በእንጨት ስንጥር ቀስ እያልኩ፣ ከዛ ጥላ ላይ ማድረቅ። ሁለቱ ላይ አንበሳውም ፲፱፻፴፮ የሚለውም ጥርት ብሎ ወጣ። ይሄም ዓመት እንዳያሳስታችሁ፣ ከ1937 ጀምሮ የወጡት የጃንሆይ ሳንቲሞች በኋላም ሲመቱ ያንኑ 1936 ነው የያዙት። ሦስተኛው ላይ ዱቄቱ ተመልሶ መጣ፣ ለብቻው አድርጌዋለሁ።

አሁን የማልወድላቸውን ልናገር። ሳንቲም ማስቀመጫ ብለው የሚሸጡት ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ አለ፣ አትግዙት። አዲስ የመኪና ወንበር የሚሸት ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፣ ሲቆይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር እየለቀቀ ብሩ ላይ ይለጠፋል። ነገርኳቸው፣ "ከአዲስ አበባ የሚመጣልኝ እሱ ነው" አሉ፣ በሚቀጥለው ስሄድም እዛው ተሰቅሏል። እኔ ከስሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ነው የምጠቀመው (3 ያለበት ፒቪሲው ነው)፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን የሲሊካ ከረጢት ጨምሬ። የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ እንኳን ይረጥባል፣ እዚህ ቤት ሳንቲም ያለ ሲሊካ ማስቀመጥ አይሆንም። በጎማ ላስቲክም አትጠቅልሉ፣ ጎማው ውስጥ ያለው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል።

ደረሰኝ የላቸውም፣ ለወረቀት የምትፈልጉት ከሆነ አይሆናችሁም። ሌላ ያዘንኩበት፣ ጌጥ የሚሰሩት ጠገራ አቅልጠው ነው፣ ወናፉ ስር የተቆረጠ ግማሽ ብር አይቼ ልቤ ደነገጠ። ጠየቅኳቸው። ፊቱ የጠፋውን፣ የተቦረቦረውን፣ የተሸረፈውን ነው እንጂ የሚነበበውን እሳት ውስጥ አልከትም ብለው አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ከፍተው አሳዩኝ፣ ውስጧ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) እና ሩብ በጨርቅ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የአባታቸውም ሥራ ይሄው ነበር፣ ወሎ ውስጥ ያለ የአያቶቻችን አልቦና ድሪ ስንቱ ከጠገራ የተሰራ ነው፣ እሱንም አውቃለሁ። ቢሆንም ያ የተቆረጠ ጠገራ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከኮምቦልቻ ለምትመጡ፣ ሐረጎን ወጥታችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርሱ ጥሩ ነው፣ ጠዋት እጃቸው ባዶ ነው ብርሃኑም በበሩ በቀጥታ ይገባል። ሰኞ አትሂዱ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ማውራት አይቻልም። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋሉ። በስልክ ዋጋ አይናገሩም፣ ፎቶ ብትልኩም አያዩም። ሳንቲሙን ከቁልፍና ከዝርዝር ጋር ኪስ ውስጥ እንዳታደርጉት፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ንፁህ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ውስጥ። እና እንደወጣ ከነአፈሩ ውሰዱት፣ ምኑ መነካት ምኑ መተው እንዳለበት እሳቸው ይነግሯችኋል።