«ቴስታታው ይውረድ» የተባለችውን ኮሮላዬን በአንድ ክዳን ላዳኑልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው በቅድሚያ ለማመስገን፣ ቀጥሎም አሮጌ መኪና ይዛችሁ ሞተሯ እየሞቀባችሁ ከጋራዥ ጋራዥ የምትንከራተቱ ሁሉ እኔ ያገኘኋቸውን ሰው እንድታገኟቸው ለመጠቆም ነው። ሳሪስ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ፣ የረባ ማስታወቂያ እንኳ ባልተለጠፈበት ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ፣ ሌሎች «ቴስታታው» ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል «ካልወረደ አይሆንም» ያሉኝን መኪና አንዲት ብሎን ሳይፈቱ ሕመሟን አወቁላት። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጠቅሰውም፤ የምትፈልጓቸው ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1990 ስሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በእጁ እያጠበ፣ ዘይቷን ጊዜው ሳያልፍ እየቀየረ ያኖራት ንብረት ስለሆነች በእኔ ዘንድ ያላት ዋጋ ገበያው ከሚሰጣት እጅግ ይበልጣል። ደግሞስ ልሽጣት ብል በምን እተካታለሁ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ አስነክቶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ ያለችውን አሮጌ መኪና አስታሞ ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለውም።

ችግሯ የጀመረው ዳገት ላይ ነበር። ከተማ ውስጥ፣ ከቤት ሥራ ቦታ፣ ከሥራ ቦታ ቤት ስመላለስ ምንም አትልም፤ ረጅም ዳገት ስትጀምር ግን የሙቀት መቁጠሪያዋ እጅ ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ መጠጋት ይጀምራል። እናቴ ደብረ ማርቆስ ስለምትኖር የዓባይን በረሃ ሳላቋርጥ ልጠይቃት አልችልም፤ ያን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ከድልድዩ ማዶ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ለአንድ አሮጌ ሞተር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን አጋምሼ ሳለሁ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት መውጣት ጀመረ፤ መንገድ ዳር አቁሜ፣ ያ ሁሉ ሙቀት ከላይም ከታችም እየገረፈኝ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ስጠብቅ ዋልኩ። እናቴ በስልክ «የት ደረስሽ?» ባለችኝ ቁጥር «እየመጣሁ ነው» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ስናገር የጋራዦቹን ስም አልጠራም፤ የሰው እንጀራ መዝጋት አልፈልግም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ ማለፍም ሌላውን ለዚያው መዳረግ ነውና በደምሳሳው ልናገር። አንደኛው ገና ኮፈኑን እንደከፈተ ተርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ አውጥቶ «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፣ ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ወረወረው፤ ገንዘቤን ተቀብሎም አሰናበተኝ። መኪናዋ ግን ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ሌላው ራዲያተሩ ተደፍኗል ብሎ አውርዶ አስጠረገ፤ ሲገጥም ይሁን ሲያወርድ አላውቅም፣ የራሷ የነበረው የራዲያተር ክዳን ጠፍቶ ከየትም የተገኘ ክዳን ተገጥሞላት መጣች። ይህንንም ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ሌላው ደግሞ እጁን እንኳ ሳያሳርፍባት ቆሞ እያያት «ቴስታታው ተጣሟል፣ ጓርኒሲዮኑም (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል፤ አውርደን ቶርኖ ቤት (ብረት ተልጎ ወደሚስተካከልበት) እንልከዋለን» አለኝና ስንት የወር ደመወዜን የሚውጥ ገንዘብ ጠራ። ቴስታታው መጣመሙን በምን አወቅህ ብዬ ብጠይቀው፣ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ እየሳቀ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ፣ ለእሱ እናስረዳዋለን» አለ። ባል የለኝም፤ ቢኖረኝም የምከፍለው እኔ ነኝ። ሴት ሆኖ ጋራዥ የገባ ሁሉ ይህችን ንግግር ያውቃታል፤ ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያንገበገበኝ እሷ ናት።

ወደ ሳሪሱ መካኒክ የመራኝ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ስደርስ አንድ ሚኒባስ ሥር ተኝተው ይሠሩ ነበር። ከሥሩ ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጠጋ አሉኝ፤ ኮፈን ክፈቺ አላሉኝም፣ ዋጋ አልጠሩም። መጀመሪያ ያደረጉት መጠየቅ ነው። «ልጄ፣ የምትሞቀው መንገድ ተጨናንቆ ስትቆሚ ነው ወይስ ስትሄጂ?» አሉኝ። ስሄድ፣ ያውም ዳገት ላይ ነው ስላቸው ቀጥለው «ስታጠፊያት ውሃው ወዴት ይሄዳል? ጭሱስ ነጭ ነው? ዘይቱስ ቀለሙ ተለውጧል?» እያሉ የሐኪም ያህል ረጋ ብለው ጠየቁኝ። ቆማ የምትሞቅ ከሆነ ፋኑ እንደሚጠረጠር፣ እየሄደች ዳገት ላይ የምትሞቅ ከሆነ ግን ውሃው ራሱ በአግባቡ አለመዞሩ ወይም ግፊቱ አለመያዙ እንደሚጠረጠር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ያን ሁሉ ጋራዥ ስዞር ይህን ቀላል ጥያቄ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

«የጋለ ራዲያተር አልከፍትም፤ አንቺም መቼም ቢሆን እንዳትከፍቺ፣ ፊት ያቃጥላል» ብለው መኪናዋን ግቢያቸው እንዳሳድራት ነገሩኝ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ መጥቼ ያየሁትን አልረሳውም። የሰዓት ዓይነት መቁጠሪያ ያለው የእጅ ፓምፕ አመጡና በራዲያተሩ አፍ ላይ አስረው ግፊት ሞሉበት፤ ከዚያ ለእኔም ለእሳቸውም ሻይ አስመጡና «አሁን ዝም ብለን እናየዋለን» አሉ። እጁ ንቅንቅ አላለም። ሻዩን ጨርሰንም እዚያው ነበር። «አየሽ፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ቢሆን ይሄ ይወርድ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው የራዲያተሩን ክዳን በዚያው ፓምፕ ጫፍ ላይ ገጥመው ሲሞሉ መቁጠሪያው ገና ከመነሳቱ ተመልሶ ወደቀ። ደገሙት፣ አሁንም ወደቀ። ከዚያ ፓምፑን ለእኔ አቀብለውኝ «አንቺ ሞክሪው» አሉኝ። እኔም ሞከርኩ፤ ክዳኑ ትንፋሹን ሲለቅ በጆሮዬ ሰማሁ። ሌላው ሁሉ «እኛን እመኚን» ሲለኝ ኖሮ፣ እሳቸው ግን እኔው በእጄ ይዤ እንዳየው አደረጉ።

ነገሩን ያስረዱኝ እንዲህ ነው፤ የገባኝን ያህል ልጻፈው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጤነኛ ሞተር ሙቀት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው የሚውለው። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ከደከመ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ይገነፍላል፣ ራዲያተሩ ይጎድላል፤ ሞተሩም ይሞቃል። ያ የተወረወረው ተርሞስታትም «አያስፈልግም» የሚባል ነገር እንዳልሆነ፣ በእኔ መኪና ዓይነት ሞተር ላይ እሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ እንደሚመለስ ነገሩኝ። ከዚህ በላይ የተናገሩት ነበር፣ እኔ ግን አልተከታተልኩትም፤ ለእኔ የሚበቃኝ ይህ ነው።

ክዳኑንና ተርሞስታቱን ራሴ እንድገዛ በቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥሩን ጻፉልኝ። «ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበትን እይ፤ ሌላ ቢሰጡሽ እንዳትቀበዪ፣ ደረሰኙም በእጅሽ ይሁን» አሉኝ። ብዙ ጋራዥ ዕቃውን «እኛ እንገዛለን» ብሎ ዋጋው ላይ እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸው በዚያ በኩል እንኳ ሊያተርፉብኝ አልፈለጉም። መርካቶ ሄጄ ገዝቼ ስመለስ የሞተሩን ውሃ አፍስሰው ነበር፤ የወጣው ውሃ የዝገት ቀለም ይዞ ወፍሮ ነበር። ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመው አጠቡት፤ ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውሃ ብቻውን እንዳልጨምር፣ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል እንዲገባ አደረጉ። ኩላንቱ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ከማድረጉ ሌላ ዝገትም እንደሚከላከል አስረዱኝ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሥራው እንዳለቀ ስንት ልክፈል ብላቸው «ገና ነው፤ ዳገት ሳናወጣት ገንዘብ አልቀበልም» አሉና ቱታቸውን አውልቀው ከጎኔ ተቀመጡ። ሽሮ ሜዳን ይዘን ወደ እንጦጦ ወጣን። ያ የዓባይ በረሃ ቀን ስላልወጣልኝ፣ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ መቁጠሪያው ላይ ተተክሎ ነበር። ይህን አስተውለው «ልጄ፣ እሱን እኔ አየዋለሁ፤ አንቺ መንገድሽን እዪ» አሉኝ። እስከ ማርያም ድረስ ያንን እጅ እሳቸው እያዩልኝ እኔ ነዳሁ፤ በየመታጠፊያው «አለ፣ እዚያው አለ» ይሉኛል። ላይ ደርሰን ስናቆም መቁጠሪያው ከመሃል አላለፈም ነበር። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ እሳቸው ደግሞ እንዳላዩ ሆነው ወርደው ኮፈኑን ከፍተው ማኒኮቶዎቹን (የውሃ ጎማዎቹን) በእጃቸው እየጨበጡ ይመረምሩ ጀመር። ለክፍያ የጠየቁኝ የጉልበታቸውን ብቻ ነው፤ ያውም ለቴስታታ ከተጠየቅሁት ጋር ለማነጻጸር የሚያሳፍር ትንሽ ገንዘብ። ልጨምርላቸው ብል «ያለቀ ሥራ ላይ ጭማሪ የለም» ብለው እጄን መለሱት።

ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ደርሼ ተመልሻለሁ። የደጀንን ዳገት ሳልቆም ወጣሁት፤ እናቴንም አዲስ አበባ ይዣት መጣሁ። እሷ መንገዱን ሁሉ ያባቴን መኪና ስትመርቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ በልቤ የምመርቀው ሌላ ሰው ነበር።

እባካችሁ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይም ብቻችሁን ጋራዥ የምትሄዱ እህቶቼ፣ ቴስታታ ይውረድ የሚላችሁን ሰው ከመስማታችሁ በፊት እኚህን ሰው አሳዩ። ቢበዛ የምታጡት የግማሽ ቀን ጊዜ ነው፤ ልታድኑት የምትችሉት ግን የስንት ወር ደመወዝ ነው። ከሞተር መሞቅ ሌላ የሆነ ሕመም እንኳ ቢኖርባት፣ የማይችሉትን «አልችልም፣ እገሌ ጋ ውሰጃት» የሚሉ ሰው ናቸው፤ ለእኔም የመብራቷን ጉዳይ ስነግራቸው ያሉኝ ይህንኑ ነው። ሌላ የምታውቁት እንዲህ ያለ ባለሙያ ካለም ከታች ጻፉልን፤ እንደ እሳቸው ያሉት በዝተው ቢታወቁ ለሁላችንም ይበጃል።

ለሚሄዱ ሰዎች ከወዲሁ ልንገር፦ መኪናችሁን ማምሻውን ወስዳችሁ አሳድሯት፤ የጋለ ሞተር አይነኩም። የሚፈታ ነገር ካለ አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይሰጧችኋልና ተቀበሏቸው። ጠዋት በ2 ሰዓት ይከፍታሉ፤ እሑድና በበዓላት ቀን አይሠሩም።